2ኛ ወጥቶ ባዶ እጅ ከመቅረት 17ኛ ወጥቶ ዋንጫ ማንሳት

የአርሴናል ደጋፊ ሆኖ ስለ ቶተንሃም መልካም ነገር መፃፍ ቀላል አይደለም። ጓደኞቼ ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሉኝ ከወዲሁ ይታየኛል። ቢሆንም የ2024/25 የውድድር ዘመን ካለፈ በኋላም በዲፓርትመንታችን ልጆች መካከል ያልተቋጨ ክርክር አለ። ካፌ ውስጥም፣ ክላስ በር ላይም፣ ዲኤስቲቪ ቤትም ይነሳል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ በዚያ ዓመት ከሁለቱ የሰሜን ለንደን ክለቦች የተሻለ ጊዜ ያሳለፈው የትኛው ነው? በሊጉ 2ኛ ሆኖ የጨረሰው አርሴናል ወይስ 17ኛ ሆኖ የጨረሰው ቶተንሃም? እኔ መልሴን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ቶተንሃም ነው። ለምን እንደሆነ ደግሞ ላስረዳ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከቁጥሩ እንጀምር። ቶተንሃም በዚያ ዓመት በፕሪሚየር ሊጉ ካደረጋቸው 38 ጨዋታዎች 22ቱን ተሸንፏል። የሰበሰበው 38 ነጥብ ብቻ ነው። የጨረሰውም ከሦስቱ ወራጆች ልክ በላይ ያለችው ቦታ ላይ ነው። ይህን ማንም ሊያሳምረው አይችልም፤ እኔም አልሞክርም። ነገር ግን ይኸው ቡድን በዩሮፓ ሊግ አልክማርን፣ ፍራንክፈርትንና ቦዶ ግሊምትን ጥሎ ለፍፃሜ ደረሰ። በሜይ 2025 ቢልባኦ ላይ ማንችስተር ዩናይትድን ሲገጥም ማዲሰን፣ ኩሉሴቭስኪና በርግቫል በጉዳት አልነበሩም። ብሬናን ጆንሰን በ42ኛው ደቂቃ ያስቆጠራት ጎል ስታምር አይደለም የገባችው፤ ተነካክታ፣ ተንከባላ ነው። ከዚያ በኋላ ኳሱን አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ዩናይትድ ነበር። ሆይሉንድ በጭንቅላት የገጫትን ኳስ ተከላካዩ ቫን ደ ቬን አየር ላይ ተዘርግቶ ከመስመር ሲያወጣት ያየ ሰው ያቺ ማታ ለማን እንደተፃፈች ገብቶታል። 1 ለ 0 አለቀ። ከ2008ቱ የሊግ ካፕ በኋላ፣ ማለትም ከ17 ዓመት በኋላ፣ ስፐርሶች ዋንጫ አነሱ። የአውሮፓ ዋንጫ ከሆነማ ከ1984 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው።

አሁን የተሸናፊውን ወገን እንየው። ዩናይትድ በሊጉ 15ኛ ነው የጨረሰው፤ በ42 ነጥብ። በሰንጠረዡ ከሄድን ከቶተንሃም በ2 ደረጃና በ4 ነጥብ ይሻላል። እስቲ አንድ የዩናይትድ ደጋፊ ጠይቁልኝ፤ እነዚያን 4 ነጥቦች ይዞ መቅረትን ይመርጣል ወይስ መለዋወጥን? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሊጉ 38 ጨዋታ ሁለቱን ክለቦች እምብዛም አልለያቸውም፤ ቢልባኦ ላይ የነበረችው 90 ደቂቃ ግን ለየቻቸው። አንዱ ዋንጫም የቻምፒየንስ ሊግ ቦታም ይዞ ሄደ፤ ሌላው ሁለቱንም አጥቶ ተመለሰ።

ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። የአርሴናል ዓመት መጥፎ አልነበረም። እንዲያውም በኤፕሪል 2025 ሪያል ማድሪድን ለንደን ላይ 3 ለ 0 ስናሸንፍ፣ ዴክላን ራይስ በተከታታይ ሁለት ቅጣት ምቶች ኩርቱዋን ሲያስጨንቀው፣ እንደዚያ የጮህኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ራይስ ከዚያ በፊት በቀጥታ ቅጣት ምት አንድም ጎል አግብቶ አያውቅም ነበር! በመልሱ በርናቤው ላይም 2 ለ 1 አሸነፍን። ከዚያስ? ከዚያማ ፓሪስ ሴንት ዠርማ በግማሽ ፍፃሜው በደርሶ መልስ 3 ለ 1 አሰናበተን። በሊግ ካፑ ግማሽ ፍፃሜ ኒውካስል በደርሶ መልስ 4 ለ 0 ጣለን። በኤፍኤ ካፕ ደግሞ በሜዳችን፣ አንድ ሰው በቀይ ካርድ የጎደለበትን ማንችስተር ዩናይትድን ማሸነፍ አቅቶን በመለያ ምት ወጣን። ልብ በሉ፤ ኒውካስልም ፓሪስም እኛን ጥለው የሄዱት ዋንጫውን ለማንሳት ነው። እኛ ለሌሎች ዋንጫ መሸጋገሪያ ሆንን ማለት ነው።

አርሴናል በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ሦስት ተከታታይ ዓመታት 2ኛ ሆኖ ጨርሷል። በ2024ቱ 89 ነጥብ ሰብስቦ ከማንችስተር ሲቲ በ2 ነጥብ ብቻ አነሰ። «ቡድኑ እየተገነባ ነው፣ ሂደቱን እመኑ» ሲባል እኛም አመንን። ግን ከ2020ው የኤፍኤ ካፕ በኋላ በእነዚህ ዓመታት አንድም ትልቅ ዋንጫ አላነሳንም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እኮ ይኼ ነው። በተማሪ ቋንቋ ላስቀምጠው፦ ሰንጠረዡ ትራንስክሪፕት ነው፤ ዋንጫው ምርቃት ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ግሬዱ ከክፍሉ ሁለተኛ የሆነና ጋውን ያልለበሰ ልጅ ቤተሰቡን በምን ያስደስታል?

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ሊግ 38 ጨዋታ ነው፤ ዕድል አይሠራበትም፤ ጥሎ ማለፍ ግን የአንድ ቀን ነገር ነው ይባላል። እውነት አለው። ማን የተሻለ ቡድን ነው ከተባለ አርሴናል ነው፤ ለዚህ ክርክርም አያስፈልግ። ጥያቄው ግን እሱ አይደለም። ጥያቄው ደጋፊ ከዓመቱ ምን ይዞ ይቀራል የሚለው ነው። ሊጉን ላሸነፈው፣ ለሊቨርፑል፣ 84 ነጥቡ ዋንጫ ሆኗል። ለእኛ 74ቱ ነጥብ ምን ሆነ? የቻምፒየንስ ሊግ ገንዘብ ሆነ። እሱ ደግሞ የሒሳብ ክፍሉን እንጂ እኔን ምን አገባኝ?

ይህ ገንዘብን ከዋንጫ የማስቀደም አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። ቬንገር በ2012 አራተኛ ሆኖ ቻምፒየንስ ሊግ መግባትን ከዋንጫ ጋር ሲያነፃፅሩት ብዙዎች ስቀዋል፤ ከእኛ ግን የተቀበላቸው ብዙ ነበር። የሚቀጥለው ዓመት፣ 2013፣ ጥሩ ማሳያ ነው። ዊጋን በቤን ዋትሰን የመጨረሻ ደቂቃ ጎል ማንችስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ ኤፍኤ ካፕን አነሳ። በሦስተኛው ቀን ኤምሬትስ መጥቶ 4 ለ 1 ተሸነፈና ከሊጉ ወረደ። ያወረድነው እኛ ነን። እኛ ያን ዓመት ቶተንሃምን በ1 ነጥብ በልጠን 4ኛ ሆንን፤ ጨፈርንም። ያቺ አራተኛነት ምን አስገኘችልን? በቀጣዩ ዓመት ከ16ቱ ዙር በባየር ሙኒክ መሰናበትን። ዛሬ 2013 ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው የማንን ዓመት ነው? የዊጋንን ነው። እርግጥ ዊጋን ከዚያ በኋላ ብዙ መከራ አይቷል፤ እስከ ሦስተኛው ዲቪዚዮንም ወርዷል። ዋንጫ ነፃ አይደለም ማለት ነው። ያም ሆኖ ያን ቀን የሚቀማቸው የለም።

የ2025 ዓመት ይህን ደጋግሞ ነው ያሳየን። ኒውካስል ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ ሊግ ካፑን ሲያነሳ ከ1955 ወዲህ፣ ከ70 ዓመት በኋላ፣ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ትልቅ ዋንጫው ነበር። የመጀመሪያዋን ጎል የገጨው ዳን በርን በልጅነቱ የዚያው ክለብ ደጋፊ ነበር። ክሪስታል ፓላስ ደግሞ በኤዜ ጎል ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ ያዘ፤ ግብ ጠባቂው ሄንደርሰንም ፍፁም ቅጣት ምት አዳነ። ካሜራው ወደ ደጋፊው ሲዞር ሽማግሌ ያለቅሳል፣ አባት ልጁን አቅፎ ያለቅሳል። ለአራተኛ ደረጃ እንደዚያ ሲለቀስ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ታዲያ ቶተንሃም ራሱ ምን አደረገ? ዋንጫው በተነሳ በ16ኛው ቀን አሰልጣኙን አንጅ ፖስቴኮግሉን አሰናበተ። ሰውዬው በሁለተኛ ዓመቴ ሁልጊዜ ዋንጫ አነሳለሁ ብሎ ነበር፤ ቃሉንም ጠበቀ። ክለቡ ባወጣው መግለጫ ውሳኔውን በድሉ ስሜት ላይ መመሥረት እንደማይችል ገለፀ። 22 ሽንፈት ያየ ቦርድ እንዲህ ቢል አይገርምም፤ በሥራ አመራር ዓይን ትክክልም ሊሆን ይችላል። እኔን የገረመኝ ግን «ስሜት» የምትለው ቃል እንደ እንቅፋት መቆጠሯ ነው። እኛ ከአዲስ አበባ ሆነን ሌሊት የምናመሸው፣ ለማናውቀው ከተማ ክለብ ከጓደኛ ጋር የምንኳረፈው ለምንድን ነው? ለስሜት ነው እንጂ ለሰንጠረዥ ነው እንዴ? ስሜቱን ከእግር ኳስ ካወጣችሁት የቀረው ኦዲት ሪፖርት ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። አርሴናል ከቶተንሃም የተሻለ ቡድን ነበር፤ ቶተንሃም ግን ከአርሴናል የተሻለ ዓመት ነበረው። ክለቦቻችን ጥሎ ማለፍን እንደ ትርፍ ሥራ ቆጥረው ተቀያሪ ሲያሰልፉ እያየን «ዋናው ሊጉ ነው» እያልን የምናጨበጭብ ደጋፊዎች ቆም ብለን እናስብ። 2ኛነት የሚያኮራው ወደ 1ኛነት ካደረሰ ብቻ ነው። ተቃውሞ ያለው፣ በተለይ እንደኔ ቀዩን ማልያ የሚለብስ፣ ብዕሩን ያንሳና በሚቀጥለው እትም ይመልስልኝ። የስፐርስ ደጋፊዎች ግን እባካችሁ ይህን ጽሑፍ ፎቶኮፒ አድርጋችሁ ዶርሜ በር ላይ እንዳትለጥፉ።