የወታደሩን እንቅልፍ ማን ይጠይቅ?

ወታደር እግሩን በፈንጂ ቢያጣ ሐኪሞች ቦርድ ይቀመጣሉ። ጉዳቱ በመቶኛ ይሰላል፤ ጡረታው ወይም ዳረጎቱ ይወሰናል። ክፍያው አነሰ፣ ዘገየ ብለን ልንከራከር እንችላለን፤ ቁስለኛ መሆኑን ግን ማንም አይክደውም። እንቅልፉን ያጣው ወታደር ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው በስንፍና ነው፤ ሲብስም በፈሪነት። ይህ ግፍ ነው።

በጨፋ ሜዳ ጥቅምት ላይ ማሽላው ሲያሸት ወፍ ጠባቂዎች ማማ ላይ ወጥተው ጅራፍ ያጮኻሉ። ከከሚሴ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖር፣ የማውቀው አንድ የቀድሞ ወታደር በዚያ ወቅት ከቤት መውጣት አይሆንለትም። ጅራፉ በጮኸ ቁጥር ግድግዳ ሥር በደረቱ ይወድቃል። ሲነሳ ሸሚዙ በላብ ርሶ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፤ ልጆቹ አይተውት እንደሆነ ዞር ዞር ብሎ ያያል። ሌሊት የሞቱ ጓዶቹን በስማቸው እየጠራ «ዝቅ በሉ!» ይላል። ሠራዊቱ ውስጥ እያለ ዘብ አልወጣም ብሎ ተቀጥቷል፤ በኋላም ተሰናብቷል። መሸኛው ላይ ስለ ሕመሙ የተጻፈ አንድ ቃል የለም።

እናቱ ዓይን ነው፣ ጂን ነው ብለው ሸሆቹ ዘንድ ወስደውታል። ቁርኣን ተቀርቶበታል፤ ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ አድርገውለታል። ይህን የሚነቅፍ ሰው አይገባኝም። ጎረቤት ከቦ ሲጸልይለት ቢያንስ ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል። የላከው መሥሪያ ቤት ግን ከሸኘው ወዲህ እንዴት ነህ ብሎት አያውቅም።

ሐኪሞች የዚህን ሰው ሁኔታ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ይሉታል። ቅዠቱ፣ መደንገጡ፣ ሰው መሸሹ ከአንድ ወር በላይ ሲዘልቅ ነው ሕመሙ ይህ ነው የሚባለው፤ አንዳንዱ ላይ ምልክቱ ጎልቶ የሚወጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ በስንብት ቀን ብቻ የሚደረግ ምርመራ አንዳንዱ ሕመምተኛ ያመልጠዋል። ሕመሙ በምክርም በመድኃኒትም ይታከማል።

ወታደሩ የሚመለስበትም አገር ጤና አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ ነደዱ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ከሚሴ በተዋጊዎች እጅ ገብታ ለሳምንታት ቆየች፤ ደሴ ሆስፒታልም በዚያው ጦርነት ተዘረፈ። የዓለም ጤና ድርጅት ግጭት ባለበት አካባቢ ከሚኖር ሕዝብ 22 በመቶው የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ገምቷል። ያ ሕዝብ አብዛኛው ሲቪል ነው። ለዓመታት ምሽግ ውስጥ የኖረውን ሰው አስቡት።

ይህን ቸልታ ከዚህ በፊትም አይተነዋል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ተሰናበተ። መቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ እህልም፣ ገንዘብም ታደለ፤ አካሉ ለጎደለውም ታሰበ። አእምሮው የተጎዳው ግን የየመንደሩ «ጨርቁን የጣለ» ሰው ሆኖ ቀረ። ልጅ ሆነን ድንጋይ ስንወረውርባቸው ከነበሩት መካከል ለአገር የተዋጉ አሉ።

ሌላውም አገር ዘግይቶ ነው የነቃው። ብሪታንያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመክዳት፣ በፈሪነትና በመሳሰለው ወንጀል ከረሸነቻቸው ወታደሮቿ ለ306ቱ ይቅርታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ዘጠና ዓመት ገደማ ማለት ነው።

እኛ ይህን ያህል መጠበቅ የለብንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 በሕመም ምክንያት የሥራውን ውጤት መረዳት ወይም ራሱን መቆጣጠር ያልቻለን ሰው በወንጀል ኃላፊ አያደርግም። እንግዲያው ግዳጅ አልቀበልም ያለ ወይም ከክፍሉ የጠፋ ወታደር ከመቀጣቱ በፊት የአእምሮ ሐኪም ይየው። ከተሰናበተ ከስድስት ወር በኋላም በአካባቢው ጤና ጣቢያ እንደገና ይታይ፤ መሸኛው ላይም የጤና ጣቢያው ስም ይጻፍ። የቦርዱም መቶኛ አእምሮን ይጨምር።

ሚሊሻው ደግሞ መሸኛ እንኳ የለውም። ከማሽላ ማሳው ተጠርቶ ዘመተ፤ ተመልሶም እዚያው ማሳ ገባ። የጦር ሆስፒታልም ጡረታም አያውቀውም። ስሙን የመዘገበው ቀበሌ ነው፤ ያንኑ መዝገብ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይስጣትና ቤት ለቤት ስትዞር እንቅልፉን ትጠይቀው።