ለዕውቀት መንገደኛ ማደሪያ

በደቡብ ጎንደር ደጋ ድጓ ለመማር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ የሚጓዝ የቆሎ ተማሪ መንገዱን የሚፈጽመው በሰው ደጅ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል፤ ሲመሽበትም «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ያድራል። ውሻ የሚለቅበት ደጅ እንደማይጠፋ ሁሉም ያውቃል። ሆኖም የሚያሳድረው ቤት ባይበዛ ኖሮ ያ ሁሉ ሊቅ ከጉባኤ ቤት ባልደረሰ ነበር።

ዛሬ በጣራ ገዳም ግርጌ ካለችው፣ ስሟን ከዚህ ጋዜጣ ጋር ከምትጋራው ከአዲስ ዘመን ከተማ፣ ወይም ከደብረ ታቦር የሚነሣው ተማሪ በአኩፋዳ ፈንታ ላፕቶፕ አንግቷል። የሚሄደውም ወደ ቴክኖሎጂ ጉባኤ ነው። ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲደረግ ለተመዘገበ ሰው መግቢያው በነጻ ነበር። ነገር ግን ከደብረ ታቦር እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ተማሪው የአውቶቡሱን ዋጋ ከዚህም ከዚያም ቢያሰባስብ እንኳ የአምስት ሌሊት የሆቴል ኪራይ ከወዴት ያመጣል?

በ2018 እና በ2019 እ.ኤ.አ. በካናዳ በተደረጉት ታላላቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤዎች ጥናት ለማቅረብ የተዘጋጁ ብዙ አፍሪካውያን ቪዛ ተከልክለው ቀሩ። ይህ ቅሬታ በተሰማበት ሰሞን አይ ሲ ኤል አር የተባለው ጉባኤ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንዲሆን ተወስኖ ነበር፤ ዳሩ ግን ኮሮና ስለ መጣ ስብሰባው በኢንተርኔት ብቻ ተደረገ። የጋይንት ልጅ አዲስ አበባ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። የሚጠየቀው «የት ታድራለህ?» ተብሎ ነው።

እንግዲህ ይህን ጥያቄ መመለስ የሚገባን በዋና ከተማው በየመሥሪያ ቤቱ የተቀጠርን የዚያው አገር ልጆች ነን። ለሠርግ የመጣ የአጎት ልጅ ሁለት ሳምንት ሲቀመጥ ፍራሽ እናነጥፋለን፤ ቃልም አይወጣንም። ለጉባኤ የመጣ የማናውቀው ተማሪ ሲሆን ግን ቤታችን ወዲያው ይጠብባል።

መቼም የተከራየነው አንድ ክፍል መሆኑ፣ አከራዩም ውኃና መብራት መቁጠሩ እውነት ነው። እንግዳ የሚበዛበት ተከራይ በአከራይ ዘንድ እንደማይወደድ እኛም ቀምሰነዋል። ስለዚህ አከራዩን አስቀድሞ ማስፈቀድ፣ ሦስት አራት ጓደኞችም ሸክሙን መካፈል ይቻላል፤ አንዱ ቢያሳድር ሌላው እራት ያበላል። ለሴት ተማሪ ማደሪያው በሴቶች ወይም በባለትዳሮች ቤት መሆኑ አስቀድሞ ለወላጆቿ ሊነገር ይገባል። ይህ ባለመደረጉ ብቻ ከቤት የቀረች ጎበዝ ተማሪ ጥቂት አይደለችም ብለን እንገምታለን።

እንግዳውም ግዴታ አለበት። የሚመጣበትንና የሚመለስበትን ቀን አስቀድሞ ይንገር፤ መታወቂያውን ይያዝ። በጸጥታ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ቢዘገይ ግን አስተናጋጁ እንደ ንቀት አይቁጠርበት። ማታ ማታ ደግሞ በጉባኤው የሰማውን ለባለቤቱ ያጫውት። እኛ ከቢሮ ሳንወጣ ያመለጠንን ንግግር እራት ላይ ብንሰማ ከተጠቀሙት ወገን ነን። አገሩ ሲመለስም በዩኒቨርሲቲውና በቀድሞ ትምህርት ቤቱ ላሉት ያንኑ ያካፍል።

ለዚህ ሥራ ማኅበር ማቋቋም፣ ማኅተምም ማስቀረጽ አያስፈልግም፤ በአንድ ታማኝ ሰው እጅ የሚቀመጥ መዝገብ ይበቃል። የሚጻፍበትም የአስተናጋጁ ስም፣ ስልክና ሰፈር፣ የሚያሳድረው ሰው ብዛት፣ ለስንት ሌሊትም እንደ ሆነ ነው።