ባሕር የሌለው ደሴት

ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ልብ ወለድ ከሚወዱ ወዳጆቼ አንድ አቤቱታ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። «አገራችን ባሕር የላትም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ታሪክ በአማርኛ ሲጻፍ ከባዕድ የተቀዳ መምሰሉ አይቀርም» ይላሉ። ነገሩ መነሻ የለውም አልልም። የዘርፉ ታላላቆች ዐይናቸውን የጣሉት ባሕር ላይ ነው። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ስቲዋርት እ.ኤ.አ. በ1962 ላሳተመችው መጽሐፍ ቀርጤስን፣ በ1964 ላሳተመችው ደግሞ ኮርፉን መረጠች፤ ሁለቱም የግሪክ ደሴቶች ናቸው። ዳፍኒ ዱ ሞሪየርም የ«ሬቤካ»ን (እ.ኤ.አ. 1938) ምስጢር ያኖረችው በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በደሴት ላይ የመጨረሻዋ ጀልባ ከሄደች የሚያፈቅሩትም የሚፈሩትም ሰው አብሮ ይቀራል።

የእኛም ደራስያን ቢሆኑ ወደ ውኃው ሳይጠጉ አልቀሩም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. በታተመው «ኦሮማይ» ጸጋዬ ኃይለማርያምንና ፊያሜታ ጊላይን ያገናኘው ከቀይ ባሕር ሽቅብ በተሰቀለችው አሥመራ፣ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት ነበር። በዚያ መጽሐፍ ፍቅሩ ከስለላው ጋር እንደ ድርና ማግ ስለተሸመነ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። መጽሐፉ ብዙም ሳይሰነብት ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ይስማዕከ ወርቁ በ«ዴርቶጋዳ» ፊቱን ወደ ጣና ገዳማት መለሰ፤ አንባቢም ተሻማበት። የጣና ደሴቶች ምስጢር ለመሸሸግ የተፈጠሩ ይመስላሉና ምርጫውን አልነቅፍም።

ነገር ግን ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ሁለቱ፣ ርብና ጉማራ፣ የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ጉናን ተንተርሰው ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የተዘረጉት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በእኔ ዐይን ደሴት ናቸው። የስማዳን ካርታ ያየ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም፤ በአንድ ወገን በሽሎ ከወሎ ይለየዋል፣ በሌላው ወገን ዓባይ ከጎጃም ይለየዋል። ክረምት ገብቶ ወንዞቹ ሲሞሉ ከማዶ ያለው ዘመድ እስከ መስከረም ድረስ ከባሕር ማዶ እንዳለ ይቆጠራል።

ስለ ገደሉ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ አገር በሸለቆ ማዶና ማዶ የቆሙ ሁለት ሰዎች ተጣርተው መነጋገር ይችላሉ። ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ይሻገራል። ተጠሪው ዘንድ ለመድረስ ግን ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ሽቅብ መውጣት የግማሽ ቀን ድካም ነው። ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? አንዲት ሴት ከማዶ «እንዳትመጣ!» የሚል ድምፅ ትሰማለች። የማን ድምፅ እንደሆነ ታውቃለች። ለምን እንዳለ ግን አታውቅም፤ ሄዳ ለመጠየቅም ቀኑ መሽቷል። ብዙዎቻችን ልብ የሚሰቅለው የጥይቱ ተኩስ ይመስለናል። እኔ ግን መዘግየቱ ነው ባይ ነኝ። በመዘግየት ደግሞ ያን አገር የሚስተካከለው የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር በጋይንትና በጨጨሆ አድርገው መቅደላ ሲያደርሱ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ጠላታቸው ከባሕር ዳር ተነሥቶ እየገሰገሰ ነበር፤ እሳቸው ድንጋይ እያስፈለጡ መንገድ ያሠሩ ነበር። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ታሪክ ባይነግረን ኖሮ እንቅልፍ የሚነሣ መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

ሰባራ ድልድይም አለ። ሞጣንና የእስቴን አገር የሚያገናኘው ይህ ድልድይ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራ ሲሆን በጠላት ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት መንገደኛው በወገቡ ገመድ አሥሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ ሰዎች እየጎተቱት በአየር ላይ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ ጥገናውንም ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። (እኛ «ልብ አንጠልጣይ» የምንለውን ቃል የዚያ አገር ሰው በአካሉ ያውቀው ነበር ማለት ነው።) ከደም ሸሽቶ ወይም ፍቅረኛውን ተከትሎ እዚያ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ሕይወቱን የሚሰጠው በማዶ ለቆሙ፣ መልካቸውን እንኳ አጥርቶ ላላያቸው ሰዎች ነው። ከእነሱ አንዱ የደመኛው ዘመድ ቢሆንስ?

ምስጢርም ቢፈለግ ጋይንት የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተልሔም አለች። ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን በሳር ክዳን ሥር፣ በሌላ ሕንጻ ውስጥ ተሸፍኖ ስለኖረ የውጭ አጥኚዎች ያወቁት እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ከደረሰበት በኋላ ነው። መምህራኑና ደቀ መዛሙርቱ ግን መቼም አልጠፋቸውም። ፓከንሃም ለመጽሐፉ ያወጣው ስም ራሴላስን የሚያስታውስ ነው። «ራሴላስ» ሳሙኤል ጆንሰን አገራችንን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1759 የጻፈው፣ በተራሮች በተዘጋ ሸለቆ ውስጥ ስለሚኖር ኢትዮጵያዊ ልዑል የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ለንደን ተቀምጦ የነበረ ሰው የእኛ ተራራ ከደሴት ይልቅ የተዘጋ መሆኑን ሲረዳ እኛ አለመረዳታችን ያሳዝነኛል።

ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ግን የቦታው ጉዳይ አይደለም። ታሪኩን ማን ይናገረው? በሜሪ ስቲዋርት ልብ ወለዶች ተራኪዋ ሴት ናት፤ በ«ሬቤካ»ም እንዲሁ። የዘርፉ ምሰሶ ይህ ነው፤ የምታፈቅረውን ሰው ማመን ይገባት እንደሆነ ወይም መፍራት ይሻላት እንደሆነ የምትመዝን ሴት። እኛ ዘንድ ግን ስለ ገጠር ፍቅር ሲጻፍ ጠለፋ ጀብዱ ሆኖ ይቀርባል፤ ፈረሱ፣ ጠመንጃው፣ የጓደኛሞቹ ፉከራ በሰፊው ይተረካል፤ የተጠለፈችው ልጅ በመጨረሻው ገጽ ትወደዋለች። እንዲህ ያለውን ታሪክ የፍቅር ታሪክ ብዬ ለመጥራት አልፈቅድም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ እንኳ ጠላፊ ስላገባት ብቻ ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ዘግቷል። የእኛ ልብ ወለድ ከሕጉ ኋላ መቅረት አይገባውም። ያንኑ ሌሊት ከልጅቱ ወገን ጻፉት፤ ውሻው ሲጮህ፣ እናቷ ኩራዙን እፍ ስትል፣ እሷ ከእንስራው ጀርባ ሆና የበሩን መወርወሪያ ስትመለከት። ከደጅ ያለው የምትወደው ልጅ ይሆን ወይስ ሌላው? እዚህ ላይ ልብ ይንጠለጠላል።

«ስልክ በመጣበት ዘመን እንዲህ ያለ ታሪክ አይሠራም» የሚል አይጠፋም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ውጊያ ሲቀሰቀስ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ እንደነበር የዘነጋ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ነፋስ መውጫ በጦርነቱ ተይዛ በነበረችበት ሰሞን በሴቶች ላይ የተፈጸመው ግፍ በሰብአዊ መብት ድርጅቶች ተመዝግቧል። ስለዚህ እዚያ ላይ ፍርሃትን የሚጽፍ ሰው በፍርሃት መጫወት አይችልም። የከባድ እጅ ጽሑፍ አይሁን እላለሁ። አንድ በር ሲንኳኳ የምትደነግጥ ሴት ለመደንገጧ ምክንያት እንዳላት የሚያውቅ ደራሲ ያስፈልጋል።

ጋይንትና ስማዳ በሌላው አገር ሰው ጆሮ ለዓመታት የገቡት ከርዳታ እህል ዘገባ ጋር ነው። የዚያ አገር ልጆች አዲስ አበባ ሲገቡና ብዕር ሲያነሡ ገጸ ባሕርያቸውን ቦሌ ካፌ ውስጥ ያስቀምጧቸዋል፤ ፍቅረኛሞቹ ሲጣሉ ባሕር እንዲያዩ ሐዋሳ ይልኳቸዋል። ሐዋሳ ምን በደለች? ብቻ ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ የመጣች አንዲት ወጣት ክረምት የዘጋውን ወንዝ፣ ከማዶ የሚጣራውን ድምፅ፣ በሩን የምታዳምጠውን ልጅ በራሷ አገር አማርኛ ብትጽፍልን ረቂቁን ቁጭ ብዬ በአንድ ሌሊት እጨርሰዋለሁ።