ለሰርግ እንግዳ ቦሌ ሆቴል የምትይዙ እህቶቼ፣ ኧረ ተዉ!

አድሚን ስሜን ደብቂልኝ። ጥር እየመጣ ነው፣ እንግዲህ የሁላችንም ስልክ መጮህ ይጀምራል። «ወንድምሽ ሊያገባ ነው፣ ከገጠር ዘመድ ይመጣል፣ አዲስ አበባ የት ይረፉ? አንቺ እያለሽልን መሬት ይተኙ?» የምትለዋን ንግግር የማያውቃት የለም። እኔ እሷን ሰምቼ የአራት ወር ደሞዜን የጨረስኩ ሰው ነኝና ዛሬ የምጽፈው በንዴት ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ኩዌት ነው የምሠራው፣ በወር 90 ዲናር። ቤተሰቦቼ ያሉት ኮተቤ ነው፣ ዘመዶቻችን ግን ከደሴ ማዶ ገጠር ነው የሚመጡት። ለወንድሜ ሰርግ 14 ሰው ቦሌ አንድ ሆቴል በ7 ክፍል ሦስት ሌሊት አሳደርኩ። ፈቃድ አግኝቼ ሄጄ ስለነበር በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። አያቴ አሳንሰሩን ፈርተው አራተኛ ፎቅ በእግራቸው ወጡ፣ ከዚያ ወዲያ አልወርድም አሉ። አጎቴ በካርድ የሚከፈተው በር የሚቆለፍባቸው መስሏቸው በጫማቸው ደግፈው ክፍት አድርገውት አደሩ። ጠዋት ዳቦ በማርማላታ ቀረበ። «ልጄ፣ እዚህ አገር እንጀራ የለም እንዴ?» አሉኝ። ሰርጉ ኮተቤ፣ እንግዳው ቦሌ፣ በየቀኑ ሁለት ሚኒባስ ኮንትራት፣ እሱም በእኔ። ማታ ሰፈሩ ሲጨፍር የሙሽራው ዘመዶች ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠው ተቀምጠዋል። በሰው ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ማደር ምን እንደሆነ እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። እኔ ግን ያንኑ ለዘመዶቼ በገንዘቤ ገዛሁላቸው!

ታዲያ የት ይረፉ ትሉኛላችሁ። ከደሴ መስመር የሚመጣው መኪና የሚያወርደው ላምበረት ነው፣ ኮተቤ ደግሞ ከዚያ ቅርብ ነው። ወላጆቻችሁ ስንት ዓመት እድር የከፈሉት ለምንድን ነው? ለለቅሶ ብቻ ነው እንዴ? ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ድስቱም ከእድር ይገኛል። ጎረቤት ደግሞ ሁለት ሁለት ሰው ቢወስድ 14 እንግዳ በሰባት ቤት አለቀ። ድሮ እንደዚያ ነበር የሚደረገው፣ እናቴ ራሷ የስንቱን ሰርገኛ አሳድራለች። አሁን «ሰው ምን ይለናል» አለች። ሰው ምን ይላል? ሰውማ ያው የአረብ አገር ብር ነው ይላል።

ሁሉም ሰው ፍራሽ ላይ ይተኛል አላልኩም። እግራቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ፣ ሕፃን የያዘች እናት የራሳቸው አልጋና ሽንት ቤት ያስፈልጋቸዋል። ለእነሱ ላምበረትና መገናኛ አካባቢ ፔንሲዮን አለ። ግን በስልክ ፎቶ ብቻ አይታችሁ ብር አትላኩ። እህታችሁ ወይ የአክስት ልጅ ሄዳ ትይ፦ ውኃ አለው ወይ፣ ምድር ላይ ክፍል አለው ወይ፣ ከሥሩ ሌሊቱን የሚጮህ መጠጥ ቤት አለ ወይ። ሁለት ክፍል በቂ ነው። ሰባት አይደለም!

ምግብ ላይማ አታስቁኝ። ድንኳን ውስጥ ሰንጋ ተጥሎ ሆቴል ምን ያስገባል? ወሎ ስለሆንን እንግዳችን ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው። የሙስሊሙን የሚያርደው ሙስሊም፣ ድስቱም ጭልፋውም ለብቻ፣ ረቡዕና ዓርብ ላይ ከዋለ ለጿሚው በየዓይነቱ። ይሄን የሰፈር ሴቶች በደንብ ያውቁበታል። ሆቴሉ ውስጥ ግን አክስቴ ሐሊማ ሥጋው የማን እንደሆነ የሚነግራት አጥታ ሦስት ቀን ሙሉ እንቁላል በላች።

ከተማ ማሳየት ግን አዎ፣ እሱ ላይ ብር አውጡ፣ ብዙም አይፈጅም። እኔ የደረሰልኝ በመጨረሻው ቀን ነው፣ ከመልሱ ማግስት። ከመገናኛ ቀላል ባቡር አሳፍሬ ስታዲየም ድረስ ወሰድኳቸው፣ አያቴ እንደ ሕፃን መስኮት ላይ ተለጥፈው ሄዱ። ከዚያ በታክሲ መርካቶ፦ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ናቸው፣ ግማሹ እዚያ ግማሹ እዚያ ገብቶ ተሳልሞና ሰግዶ ተገናኘን። ቀጥሎ ፒያሳ ቶሞካ ቡና። ቆሞ እንደሚጠጣ ሲያዩ «ወንበር የላቸውም?» ብለው ሳቁ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተን ድንቅነሽን አየን፣ ለሕዝብ የሚታየው ቅጂዋ ቢሆንም። በ1967 ሐዳር ስትገኝ ቦታው ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ነበር ብዬ ስነግራቸው አጎቴ «በሉ የእኛው ልጅ ናት!» አሉና መስታወቱን መታ መታ አድርገው በጥበቃው ተቆጡ። ጊዜ ቢኖረን ሽሮ ሜዳ ጥበብ አይተን፣ እንጦጦ ማርያም እንወጣ ነበር፣ አፄ ምኒልክ በ1882 ዘውድ የጫኑበት። አልደረስንም። ዛሬ ስደውል የሚያነሱልኝ ግን ያቺን አንድ ቀን ነው። የሆቴሉን ስም እንኳ የሚያስታውስ የለም።

አንዳንዶቻችሁ «ቤተሰቤን ላስከብር፣ ለዚሁ አይደል የተሰደድኩት» ትላላችሁ። እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። ተመልሼ በሁለተኛው ወር ማዳም ደሞዜን ያዘችብኝ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፣ «የሰርግ ዕዳ አለብኝ» አለኝ። ሃያ ዲናር ያበደረችኝ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ የምትሠራ የጅማ ልጅ ናት፣ ሰርጋችን ላይ ያልነበረች። እነዚያን 7 ክፍሎች ያኔ እየቆጠርኩ ነው ያለቀስኩት። የራሷ ሰርግ ሆኖ፣ የራሷን ብር አውጥታ ሆቴል የምትይዝ ካለች ደስ ይበላት፣ ከእሷ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ እኛን ሳይጠይቁ ክፍል ቆጥረው ከሚልኩልን ጋር ነው።

አሁን ደግሞ ታናሽ እህቴ ልታገባ ነው። ትናንት ወንድሜ የሆቴልና የአዳራሽ ዋጋ በፎቶ ላከልኝ። እኔም የእድራችንን ሊቀመንበር ስልክ ቁጥር መልሼ ላክሁለት። እስካሁን አልመለሰም፣ ማየቱን ግን አይቶታል።