«ሌላ» የሚባል ቅኝት የለም፦ ላቲን ጃዝ የራሱ የሽልማት ዘርፍ ለምን እንደሚገባውና ጉዳዩ ኦሃዮን ለምን እንደሚመለከት

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2011 የግራሚ ሽልማትን የሚሰጠው ሪከርዲንግ አካዳሚ የሽልማት ዘርፎቹን ከ109 ወደ 78 መቀነሱን ይፋ አደረገ። ከተሰረዙት መካከል ከ1995 ጀምሮ ሲሰጥ የቆየው የምርጥ ላቲን ጃዝ አልበም ዘርፍ አንዱ ነበር። የቀረበው ምክንያት የዘርፎች መብዛት የሽልማቱን ክብር እንዳያረክስና ፉክክሩ እንዲጠነክር የሚል ነው። ውሳኔው የወጣው ከአካዳሚው የበላይ አመራር ሲሆን፣ ብዙዎቹ አባል ሙዚቀኞች የሰሙት ግን ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር። ከአሥራ አራት ወራት በኋላ፣ በጁን 2012፣ ያው አካዳሚ የላቲን ጃዝን ዘርፍ መልሶ አቋቋመ።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። ስረዛው ስሕተት ነበር፤ ዘርፉ መመለሱ ደግሞ ለአንድ ወገን የተደረገ ውለታ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ ነበር። በኦሃዮ በሕዝብ ገንዘብ የሚደገፉ የሥነ ጥበብ ሽልማቶችና የድጋፍ ውድድሮችም ከዚህ ታሪክ የሚማሩት አላቸው። የኮሎምበስ ኢትዮጵያውያን በጉዳዩ ምን አገባቸው የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ መደናገር እናጥራ። ዘርፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ተጨማሪ ዋንጫን ነው። ዘርፍ ግን ከዋንጫ በፊት የሚመጣ ደንብ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚመዘን፣ መዛኙም በምን ጆሮ እንደሚያዳምጥ የሚወስነው እሱ ነው። ላቲን ጃዝ የተለየ ዘርፍ የሚያስፈልገው ሙዚቀኞቹ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ብዙዎቹም አይደሉም። የሚያስፈልገው ሙዚቃው የራሱ ሰዋስው ስላለው ነው። የዚህ ሰዋስው ምሰሶ ክላቬ ይባላል፤ በሁለት ተከታታይ የምት ክፍሎች ውስጥ የሚከፋፈሉ አምስት ምቶች ናቸው፣ በአንዱ ሦስት፣ በሌላው ሁለት። ፒያኖው፣ ቤዙ፣ ኮንጋውና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሁሉ ቦታቸውን የሚይዙት ይህን ምት ተከትለው ነው። አንዳንዴ ማንም ክላቬውን አይመታውም፤ ሁሉም ግን ይሰማዋል። አቀናባሪው ምቱን ሲያዛንፈው የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይጎረብጠዋል። የማያውቅ ዳኛ ግን የተዛነፈውንም የተስተካከለውንም «ደስ የሚል የላቲን ቀለም» ብሎ በእኩል ያልፈዋል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት አይከብድም። ትዝታን፣ ባቲንና አምባሰልን ለይቶ የማያውቅ፣ በተለይም አንቺሆዬን ሰምቶ የማያውቅ ሰው የማሲንቆ ተጫዋችን ይዳኝ ቢባል ምን እንደሚል መገመት ይቻላል። በፒያኖ የተገራ ጆሮ አንቺሆዬ ላይ ሲደርስ «እዚህ ጋ ድምፁ ሳተ» ይላል። ዳኛው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ያልተማረውን ቋንቋ እንዲያርም ስለተጠየቀ ነው።

ላቲን ጃዝ የጃዝ ቅጥያ ነው የሚለውም ክርክር ታሪኩን አይመስልም። ማሪዮ ባውዛ «ታንጋ»ን ከማቺቶ ኦርኬስትራ ጋር ኒው ዮርክ ውስጥ ያቀረበው በ1943 ነው። ዲዚ ጊለስፒ ከኩባዊው ከበሮ መቺ ከቻኖ ፖዞ ጋር በካርኔጊ አዳራሽ የተጫወተው በ1947 ነው። ይህ ቢቦፕ ራሱ በተወለደበት ዘመን ነው። ታናሽ ወንድም እንኳ ቢባል መንትያ ነው።

የተቃዋሚዎችን ጠንካራ መከራከሪያ መሸሽ አይገባም። በ2012 ሥነ ሥርዓት፣ ማለትም ዘርፉ ተሰርዞ በነበረበት ዓመት፣ የአርቱሮ ኦፋሪል ኦርኬስትራና ሳክስፎን ተጫዋቹ ሚጌል ዜኖን በትልቅ የጃዝ ባንድ ዘርፍ ዕጩ ሆነው ነበር። «እንግዲህ ያለ ልዩ ዘርፍም ዕጩ መሆን ከቻሉ ጩኸቱ ለምን?» የተባለው ለዚህ ነው። ነገሩ ሲመረመር ግን መልሱ ራሱ ጥያቄው ውስጥ ነው። ሁለቱም በትልቅ ባንድ የተሠሩ፣ ስማቸው ከአገር አገር የታወቀ ሰዎች ሥራዎች ነበሩ። ዘርፍ የሚጠብቀው ግን በሩን ራሱ ማንኳኳት የሚችለውን አይደለም። በአነስተኛ ባንድ፣ በአነስተኛ አሳታሚ፣ ምናልባትም በራሱ ገንዘብ ያሳተመውንና በጠቅላላው የጃዝ ክምር ውስጥ ማንም የማይደርስለትን ነው። በር ሲዘጋ ረጃጅሞቹ በመስኮት ቢገቡ በሩ ክፍት ነበር አያሰኝም።

ዘርፉ ራሱን በራሱ አልመለሰም። ከበሮ መቺውና የባንድ መሪው ቦቢ ሳናብሪያ ተቃውሞውን አስተባበረ፤ ካርሎስ ሳንታና፣ ሄርቢ ሃንኮክና ፖል ሳይመንን የመሰሉ ሰዎች ድምፃቸውን አሰሙ፤ በኦገስት 2011 ሳናብሪያን ጨምሮ አራት ሙዚቀኞች ኒው ዮርክ ውስጥ ክስ መሠረቱ። ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው። ይህን ነጥብ ለሕግ አውጪ ጽሕፈት ቤት ባልደረቦች ማስመር እፈልጋለሁ፤ ሙዚቀኞቹ በሕግ ተረቱ፣ በጉዳያቸው ግን ረቱ። አካዳሚው የግል ተቋም ስለሆነ ዳኛ ሊያዝዘው አልቻለም። ያስገደደው የራሱ አባላት ሳይታክቱ መመላለሳቸው ነው። በፌብሩዋሪ 2013 ዘርፉ እንደገና ሲሰጥ ያሸነፈው የክሌር ፊሸር የላቲን ጃዝ ትልቅ ባንድ ነበር፤ ፊሸር ራሱ ግን አንድ ዓመት ቀድሞ አርፏል።

አሁን ወደ ኦሃዮ።

ይህ ግዛት የዘርፍ መሰረዝን ጉዳት ከማንም በፊት ቀምሶታል። ግራሚ በ1986 የፖልካ ዘርፍን ሲጀምር የመጀመሪያው አሸናፊ በክሊቭላንድ ያደገው የስሎቬንያውያን ልጅ ፍራንኪ ያንኮቪች ነበር። «የክሊቭላንድ ስልት» የሚባለው ፖልካ እስከ ዛሬ የክብር አዳራሹና ሙዚየሙ ያለው እዚሁ ዩክሊድ ከተማ ውስጥ ነው። በ2009 ዘርፉ ተሰረዘ። ምክንያት ከተባሉት አንዱ ጂሚ ስተር የተባለው የኒው ዮርክ የባንድ መሪ ከ24ቱ ሽልማቶች 18ቱን መውሰዱ ነው። ክሱ እውነት አለው፤ አንድ ሰው የሚመላለስበት ዘርፍ የታመመ ዘርፍ ነው። መድኃኒቱ ግን የዳኞችን ስብጥርና የማቅረቢያ ደንቡን ማስተካከል እንጂ በሽተኛውን መቅበር አልነበረም። በ2011 ደግሞ የሃዋይ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ የካጁንና የዛይዴኮ ሙዚቃ ዘርፎች ተራቸው ደርሶ «የአካባቢ ሥር ሙዚቃ» በሚል አንድ ዘርፍ ውስጥ ታጎሩ። ላቲን ጃዝ ሲመለስ ፖልካ አልተመለሰም። ልዩነቱ የሙዚቃ ጥራት ነው የሚል ካለ ክሊቭላንድ ሄዶ ይከራከር። እኔ የማየው ልዩነት አንደኛው የተደራጀ ጠበቃ ማግኘቱን፣ ሌላው ማጣቱን ብቻ ነው።

ኢትዮጵያውያንን በተመለከተ ከላቲን ጃዝ ጋር ያለን ዝምድና የስሜት ዝምድና ብቻ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በዌልስና በለንደን ተምሮ፣ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተማሪ ከሆነ በኋላ ኒው ዮርክ ገባ። በ1966 ከፖርቶ ሪኮ ሙዚቀኞች ጋር ያሳተማቸው ሁለት አልበሞች ስማቸው «አፍሮ ላቲን ሶል» ነው። ቅኝቶቻችን ከኮንጋና ከቫይብራፎን ጋር በሸክላ ላይ የተገናኙት በዚያ በኩል ነው። ኢትዮ ጃዝ ወደ ዓለም የወጣው በላቲን ጃዝ በር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያን ሙዚቃ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልሙ ለአሜሪካ ተመልካች ያሰማው ጂም ጃርሙሽ ደግሞ የኦሃዮ ተወላጅ ነው፤ በኩያሆጋ ፎልስ ነው የተወለደው። ይህን በምክር ቤት ኮሪደር ላይ ማስታወስ ጉዳት የለውም።

ታዲያ «ለኢትዮ ጃዝም የግራሚ ዘርፍ ይሰጠን» እንበል? እኔ አልልም፤ በዚህ ከአንዳንድ ወዳጆቼ እለያለሁ። በ2011 የወጣው ደንብ አንድ ዘርፍ ሙሉ ሆኖ እንዲቀጥል በዓመት ቢያንስ 40 ሥራዎች እንዲቀርቡለት ይጠይቃል፤ ከ25 ካነሱ የዚያ ዓመት ሽልማት ይቀራል። ደንቡ በመሠረቱ ተገቢ ነው፤ ሕያው አሳታሚና ሕያው ፉክክር የሌለው ዘርፍ ለራሱ ለሙዚቃውም አይጠቅምም። በዓመት 40 የኢትዮ ጃዝ አልበም እናቀርባለን ብዬ በኃላፊነት መናገር አልችልም። ላቲን ጃዝ ግን ከሳን ሁዋን እስከ ኒው ዮርክ፣ ከማያሚ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ኦርኬስትራ፣ ትምህርት ቤትና አሳታሚ ያለው ሙዚቃ ነው። መለኪያውን ለእነሱ ስንደግፍ ለራሳችን መሸሽ አይገባንም። በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው የአፍሪካ ሙዚቃ ዘርፍ ጥሩ ጅምር ነው፤ ለአንድ ሙሉ አህጉር አንድ ዘርፍ መሆኑን ግን ልብ ይሏል።

የእኛ ጥያቄ ከግራሚ ይልቅ ለቤታችን የቀረበ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ በዕድሜ የገፉ የኪቦርድ ተጫዋች ለሥነ ጥበብ ድጋፍ ሲያመለክቱ ቅጹን አብሬያቸው ሞላሁ። የሰጪውን ተቋም ስም መጥቀስ አያስፈልግም። የሙዚቃ ዓይነት በሚለው ጥያቄ ሥር ክላሲካል፣ ጃዝ፣ ሮክ፣ ሕዝባዊ፣ ሌላ የሚሉ ሣጥኖች ነበሩ። «ጋሼ፣ ጃዝ እንበለው?» አልኳቸው። «ጃዝ ካልን ከእነ እገሌ ጋር አወዳድረው ይጥሉኛል» አሉ። «ሕዝባዊስ?» «ልጄ፣ እኔ በሆቴል ባንድ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እረኛ አይደለሁም።» በመጨረሻ «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግን። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ሌላ የሚባል ቅኝት የት አገር ነው ያለው?» አሉኝ። ድጋፉን አላገኙም። ያላገኙበት ምክንያት ቅጹ ነው ማለት አልችልም፤ ሥራቸውን የሚያውቅ ሰው አዳምጦት እንደሆነ የምናውቅበት መንገድ አለመኖሩ ግን ቅጹ ራሱ ያመጣው ነው። «ሌላ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው በሪፖርት ላይ አይቆጠርም። ያልተቆጠረ ማኅበረሰብ ደግሞ በሚቀጥለው በጀት ላይ «ፍላጎት አልታየም» ይባላል።

የሕግ አውጪ ሥልጣን እዚህ ላይ ይገባል። የኦሃዮ ጠቅላላ ምክር ቤት ሪከርዲንግ አካዳሚን ማዘዝ አይችልም፤ ማዘዝም የለበትም። የኦሃዮ የሥነ ጥበብ ምክር ቤት ግን በየሁለት ዓመቱ ከሚጸድቀው የግዛቱ በጀት ገንዘብ ያገኛል። የታላቋ ኮሎምበስ የሥነ ጥበብ ምክር ቤትም ከሆቴል አልጋ ግብርና ከ2019 ጀምሮ በመግቢያ ትኬት ላይ ከሚጣለው የ5 በመቶ ግብር ይደገፋል። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ምግብ ቤት የከፈተው ወገናችን እንግዳ ሲመጣለት ሆቴል የሚያስይዘው፣ ልጆቹን ኮንሰርት የሚወስደው በዚሁ ግብር ነው። ግብሩ «ሌላ» በሚል ሣጥን አልተሰበሰበም።

የምንጠይቀው አዲስ ገንዘብ አይደለም። በሕዝብ ገንዘብ የሚካሄድ ማንኛውም የሙዚቃ ሽልማት ወይም የድጋፍ ውድድር አመልካቹ የሙዚቃውን ወግ በራሱ ቃል እንዲጽፍ ቦታ ይስጥ፤ የተጻፈውም ተቆጥሮ በየዓመቱ ይፋ ይሁን። አንድ ወግ በተደጋጋሚ አመልካች ሲያገኝ፣ ያን ሙዚቃ የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ሰው በገምጋሚዎቹ መካከል ይቀመጥ፤ ሥራው ሲበዛም የራሱ ዘርፍ ይከፈትለት። ይህን ጆሮ ያለው ሰው ጠፋ የሚል መልስ አንቀበልም፤ የፌዴራሉ መንግሥት የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ዜማ መርምሮ በቨርጂኒያ የሚኖሩትን መሪጌታ ሞገስ ሥዩምን በ2008 የብሔራዊ ቅርስ ተሸላሚ ለማድረግ አዋቂ አላጣም። ከሁሉ በላይ ያለ ዘርፍ ሲሰረዝ ወይም ሲቀላቀል፣ የሚነካቸው ሰዎች አስቀድሞ ተነግሯቸው በአደባባይ እንዲሰሙ ይደረግ። የ2011ዱ ቁጣ ግማሹ የመጣው ከስረዛው ሳይሆን ከአሰራሩ ነበር።

ገንዘብ ያስወጣል የሚለውን ተቃውሞ በአጭሩ እናልፋለን፤ ቅጽ ላይ አንድ መስመር መጨመር ወጪ አይባልም። ማኅበረሰቡን ይከፋፍላል የሚለው የበለጠ ክብደት አለው። ሆኖም ላቲን ጃዝ ከጃዝ ቤት አልወጣም፤ ሳናብሪያን ሲደግፉ ከፊት የተሰለፉት ራሳቸው የጃዝ ሰዎች ነበሩ። የክሊቭላንድ ፖልካ ወዳጆች፣ የኮሎምበስ የላቲን ሙዚቀኞች፣ የሶማሌና የኢትዮጵያ ባንዶች በዚህ ጥያቄ አብረው ቢቆሙ ለየብቻ ከሚጽፉት ደብዳቤ የተሻለ ይሰማሉ።

የግዛቱ አዲስ በጀት በየጎዶሎ ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል፤ ክርክሩ ግን ከወራት በፊት በክረምቱና በጸደዩ በምክር ቤቱ የፋይናንስ ኮሚቴዎች ውስጥ ያልቃል። ምስክርነት ለመስጠት የሚፈልጉ ሙዚቀኞች ቃላቸውን አስቀድመው በጽሑፍ ማስገባት አለባቸው። በእንግሊዝኛ መጻፍ ለሚከብዳቸው እናግዛለን፤ የሙዚቃቸውን ስም ግን ራሳቸው ይጻፉት።