ክረምት ሳይገባ ቤትንና ውኃን ስለ ማሰናዳት

መምጫው የታወቀ እንግዳ ድንገተኛ ነው አይባልም። ክረምትም በየዓመቱ ወራቱን ጠብቆ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ቤቱን ሳያሰናዳ የተቀበለው ሰው ጉዳት ቢያገኘው ዝናሙን ሊከስ አይችልም። ስለዚህ ሊታሰብበት የሚገባው ነገር የመሰናጃው ጊዜ መቼ ነው የሚለው ነው።

በአሜሪካ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝቦች ሀሪኬን የሚባለውን ታላቅ ዐውሎ ነፋስ የሚጠባበቁበት ወራት ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ቀን ነው። ጥንቁቆቹ ወራቱ ሳይገባ ጣራቸውን፣ የውኃ ቧንቧቸውንና የቤታቸውን ማቀዝቀዣ ይመረምራሉ። የአየር ጠባይ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከእነዚህ ነፋሳት ብዙዎቹ የሚነሡት በአፍሪካ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሚያልፍ የአየር ሞገድ ነው፤ የሞገዱም አንዱ መነሻ የኢትዮጵያና የሱዳን ተራሮች አካባቢ ነው። እንግዲህ ሀሪኬን ኢትዮጵያን ባይነካትም፣ የመሰናዳቱ ትምህርት ይነካታል።

ለዚህም ዛሪማ በቂ ምሳሌ ናት። ይህች የሰሜን ጎንደር ከተማ ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ለወረደ መንገደኛ በቆላው ውስጥ ትገኛለች። ከበላይዋ የስሜን ተራሮች ስለ ቆሙ፣ በከተማይቱ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በደጋው የጣለው ዝናም ወንዙን ሊሞላው ይችላል። ፀሐዩም የቆርቆሮውን ጣራ እንደ ምጣድ ያግለዋል። ስለዚህ የዛሪማ ቤት ሁለት ጠላት አለው፤ አንዱ ጎርፍ ሁለተኛውም ሙቀት ነው።

ስለ ጎርፉ የሚደረገው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የላላውን የቆርቆሮ ምስማር ማጥበቅ፣ አሸንዳውን ከቅጠልና ከአፈር መጥረግ፣ ከቤቱ በላይ ጎርፉን የሚመልስ ቦይ መቆፈር፣ የጭቃውን ግድግዳ እግር በድንጋይ ማጠንከር ነው። አፈሩ ተጠርጎ የተገለጠውንም የቧንቧ መሥመር መልሶ መቅበርና የሚያንጠባጥበውን መጋጠሚያ ማደስ ይገባል። ውኃው በተቋረጠ ጊዜ በተሰነጠቀው በኩል የጎርፍ እድፍ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላልና፣ አንዲት ቀዳዳ መንደሩን ሁሉ ልታሳምም ትችላለች። የጉድጓድ ውኃም ቢሆን አፉ ከፍ ብሎ የተገነባና የተከደነ፣ መጸዳጃ ቤቱም ከርሱ በታች በኩል ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ ይሁን።

ከጣራ የሚወርደው ውኃ ደግሞ ሀብት ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የዘነመ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም አንድ ሊትር ስለሚሆን፣ 40 ካሬ ሜትር ጣራ ከ20 ሚሊ ሜትር ዝናም እስከ 800 ሊትር ይሰጣል። የመጀመሪያው ዝናም ግን የጣራውን ትቢያና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ይደፋ። በርሜሉም የታጠበና የተከደነ ይሁን፤ በቆላ አገር የቆመ ውኃ የትንኝ መራቢያ ነውና።

ስለ ሙቀቱ የሣር ክዳን ጥቅም ከጥንት የታወቀ ነው። ቆርቆሮ ለያዘ ቤት ግን ከጣራው ሥር ኮርኒስ ማድረግ፣ በግድግዳው ራስ የሞቀው አየር የሚወጣበት መስኮት መተው፣ ጣራውን ነጭ ቀለም መቀባትና በምዕራብ በኩል ዛፍ መትከል ያበርደዋል።

እርግጥ ነው፣ ቦይ በመጥረግ ብቻ ጥፋት ሁሉ አይመለስም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ነፍስ ሲያጠፋ፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ለዛሪማ ጎረቤት በሆነው በጠለምት መሬት ተንሸራቶ ሰው ሲሞት የታየው ከቤተ ሰብ ዐቅም በላይ ነው። እንዲህ ላለው አደጋ አስቀድሞ ማስጠንቀቅና ሰውን ከወንዝ ዳርና ከተዳፋት ማራቅ የሹማምንት ፈንታ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዘመነ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ሲሆን፣ የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚከፈተው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ስለዚህ ለቦይና ለቧንቧ ማደሻ ተብሎ የሚፈቀደው አዲስ ገንዘብ ሲደርስ ዝናሙ ቀድሞት ገብቷል፤ የአሮጌውም ዓመት ገንዘብ ለሌላ ሥራ አልቋል። የሐምሌ ገንዘብ የሐምሌን ጎርፍ አይመልስም። በየወረዳው ያሉ ሹማምንት ለክረምት መሰናጃ የሚሆነውን ገንዘብ ከዓመቱ መጀመሪያ ለይተው ቢያስቀምጡና ሥራው በሚያዝያና በግንቦት እንዲፈጸም ቢያዙ፣ ያለ ተጨማሪ ወጪ ብዙ ቤት ይድናል።

ካህናትም ከግንቦት ልደታ ጀምሮ ይህን ለሰንበቴውና ለማኅበሩ ቢያስታውሱ፣ ቃላቸው ከደብዳቤ ይልቅ ይሰማል። ኦሪት ለአዲስ ቤት ጣራ መከታ እንዲበጅ ሕግ መደንገጓን ሊቃውንቱ ያውቃሉ፤ ቤትን ለሰው ሕይወት ማሰናዳት የሥጋ ሥራ ብቻ አይደለምና፣ ሹሙም ካህኑም ባለቤቱም ዝናሙን ሳይጠብቁ ሊተጉ ይገባል።