መርዝን የሚለይ መሣሪያና በውስጡ የተሸሸገው ሥራ

የመርዝ ጋዝ ምን እንደሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ ከመጽሐፍ አንብቦ አልተማረውም። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለውን መርዝ ከሰማይ ባርከፈከፉ ጊዜ፥ ወታደሩና ባላገሩ የወረደበትን ነገር ለይቶ ያወቀው ገላው ከቆሰለና ዓይኑ ከታመመ በኋላ ነበር። ዛሬ ይህንኑ መርዝ ገና በአየር ላይ ሳለ ለይቶ የሚናገር፥ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይሠራል፤ ስሙም አዮን ሞቢሊቲ ስፔክትሮሜትር ይባላል። በአውሮፕላን ጣቢያም የመንገደኛው እጅና ሻንጣ በጨርቅ ተጠርጎ ፈንጂ የነካ እንደሆነ የሚመረመረው ብዙ ጊዜ በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ በተነገረ ጊዜ ምስጋናው ሁሉ ለኬሚስቱ ይሰጣል። ኬሚስቱ ምስጋና አይገባውም ማለት አይደለም። ዳሩ ግን መሣሪያው እውነቱን መናገሩን ወይም መሳሳቱን የሚወስነው፥ ከኬሚስቱ ሥራ ባላነሰ፥ በሣጥኑ ውስጥ ተሸሽጎ የሚሠራው ኤሌክትሮኒክስ ነው። ይህንንም መሣሪያውን የሚያሠሩና የሚገዙ ሰዎች አጥብቀው ሊያስቡበት ይገባል።

አሠራሩን ለመናገር አያስቸግርም። ወደ ውስጥ የተሳበው አየር፥ ብዙ ጊዜ ኒኬል 63 በሚባለው ጨረር አመንጪ ማዕድን አጠገብ ሲያልፍ፥ ቅንጣቶቹ የኤሌክትሪክ ኀይል ይጫንባቸዋል፤ አዮን የሚባሉትም እነዚህ ናቸው። ቀጥሎ ከሽቦ የተሠራ በር፥ ከአንድ ሴኮንድ አሥር ሺሕ ክፍል ሁለቱን ለምታህል ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። በበሩ ያለፉት አዮኖች በብዙ መቶ ወይም በብዙ ሺሕ ቮልት እየተሳቡ አየር በሞላበት ቱቦ ውስጥ ይሮጣሉ። ትንሹ ይቀድማል፥ ትልቁ ይዘገያል፤ አሥር ወይም ሃያ ሚሊሴኮንድ ያህል ሮጠው ከመድረሻው ሰሌዳ ሲደርሱም የደረሱበት ጊዜ ማንነታቸውን ይገልጣል። የአዮንን ሩጫ መለካት የተጀመረው ራጅ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1895 ከተገኘ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ኮኸንና ካራሴክ የተባሉት ሊቃውንት ደግሞ በ1970 ይህንኑ ሩጫ ለኬሚካል መመርመሪያ አዋሉት።

ጭንቁ የሚጀምረው ከመድረሻው ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳው የሚቀበለው ኤሌክትሪክ በፒኮአምፔር የሚቈጠር ነው፤ ፒኮአምፔር ማለት አንድ አምፔር በሚሊዮን፥ ያም እንደገና በሚሊዮን ቢከፈል የሚገኘው አንዱ እጅ ነው። ይህን ለማጉላት አንድ ቢሊዮን ኦም የሚያህል ተከላካይ ቢገባ፥ ከአንድ ፒኮአምፔር አንድ ሚሊቮልት ይገኛል። እንግዲያውስ ተከላካዩን ማብዛት ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጐን ለጐን በተቀመጡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች መካከል ሳይፈለግ የሚፈጠር አንድ ፒኮፋራድ፥ ከዚህ ተከላካይ ጋር ሲገጥም ማጉያውን በአንድ ሚሊሴኮንድ ያዘገየዋል። አዮኖቹ ግን ከግማሽ ሚሊሴኮንድ ባነሰ ጊዜ መጥተው ያልፋሉ፤ ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በጽሑፉ ላይ አንድ ጉብታ መስለው ይታያሉ፥ መርዙም ከሽቶው አይለይም። ተከላካዩ ቢቀነስ ደግሞ ማጉያው ይፈጥናል፥ ጫጫታው ግን አዮኖቹን ይውጣቸዋል። ሠሪው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሚዛን የሚያገኘው በብዙ ድካም ነው።

ጫጫታን ለመቀነስ የታወቀው ዘዴ ሩጫውን ደጋግሞ ማስሮጥና መካከለኛውን መውሰድ ነው። መቶ ተማሪዎች አንድ ዜማ ሲያዜሙ የአንዱ ስሕተት ከሌላው ስሕተት ጋር ስለማይገጥም ይሰወራል፥ ዜማው ግን ይጐላል፤ እንዲሁም መቶ ሩጫ ቢደመር ጫጫታው ወደ አሥረኛ እጅ ይወርዳል። ይሁን እንጂ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር ከኤሌክትሪኩ ወደ ሰሌዳው የሚዘል ድንጋጤ በየሩጫው በዚያችው ቅጽበት ይመጣል። መቶው ሁሉ አብረው የሚሳሳቱት ስሕተት ዜማ ይመስላል፤ እንዲህ ያለውን መደጋገም አያጠፋውም። የሚያጠፋው ገና ቱቦው በወረቀት ላይ ሲነደፍ፥ የበሩን ኤሌክትሪክ ከማጉያው ማራቅ፥ በሰሌዳውም ፊት የሚከልል መረብ መዘርጋት ነው። ስለዚህ ቱቦውን ሠርቶ ከጨረሱ በኋላ ኤሌክትሮኒክሱን ለሌላ ሰው «ይህን አያይዝልን» ብሎ መስጠት ከባድ ጥፋት ነው። ይህ ጥፋት የሚጐዳው ሠሪውን ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው በሐሰት ሲጮኽ ንጹሑ መንገደኛ ይያዛል፥ ጩኸቱ ሲደጋገምም ዘበኛው መስማቱን ይተዋል፥ ያን ጊዜ እውነተኛው ፈንጂ ያልፋል።

አዲስ አበባን በሚመለከት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከተማዪቱ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ አዮኑ ይፈጥናል፤ በባሕር ዳር በ20 ሚሊሴኮንድ የሚደርሰው እዚህ በ15 ገደማ ይደርሳል። የአየሩን ግፊትና ሙቀት እየለካ የሚያርም ኤሌክትሮኒክስ ከሌለው፥ መሣሪያው አንዱን ነገር በሌላው ስም ይጠራዋል። በሳሳ አየር ውስጥ ብዙ ሺሕ ቮልት ያለ ቦታው ብልጭ ለማለትም ይቀልለዋል፤ ብዙ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችም የሚታሰቡት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው። ክረምት ሲገባ በማጉያው ዙሪያ ያለው ገለልተኛ አካል እርጥበት ከያዘው፥ ያ በፒኮአምፔር የሚቈጠረው ኤሌክትሪክ በላዩ ላይ ሾልኮ ይጠፋል።

ስለዚህ ግዢ የሚፈርም ሹም ስለ ዋጋውና ስለሚለያቸው መርዞች ብዛት ብቻ ጠይቆ አይበቃውም። የማጉያው ጫጫታ ስንት እንደሆነ፥ ግፊት የሚለካ ክፍል እንዳለው፥ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደተፈቀደለት በጽሑፍ ይጠይቅ። ፈተናውም በታወቀ ንጥረ ነገር፥ ከሻጩ ፋብሪካ ሳይሆን እዚሁ በሚሠራበት ከፍታ ላይ፥ ቢቻል በሐምሌ ዝናብ፥ ርክክቡ ከመፈረሙ አስቀድሞ ይደረግ።